ጋምቤላ፦ አራት ወር ውኃ የቆረቆራት ወደብ

ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. የተፈራረሙት ውል ዛሬም ስሙ ይነሳል። የሚነሳው ግን በአንድ አንቀጹ ብቻ ነው። ዓባይን፣ ጣናንና ሶባትን የሚገድብ ሥራን የሚመለከተው ሦስተኛው አንቀጽ በህዳሴ ግድብ ክርክር ስንቴ እንደተመዘዘ ቆጥሮ የሚጨርሰው የለም። ቀጥሎ ያለውን አራተኛውን ዞር ብሎ የሚያየው ጥቂት ነው። እኔን የሳበኝ እሱ ነው፤ አንዲት ከተማ ተጠቅልላ ያለችው እዚያ ውስጥ ነዋ።

አንቀጹ የሚለው ባጭሩ ይህን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በባሮ ወንዝ ላይ፣ በኢታንግ አካባቢ፣ በወንዙ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር ያልበለጠ፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር ያላለፈ መሬት ለሱዳን መንግሥት በኪራይ ይሰጣሉ። መሬቱ የንግድ ጣቢያ ይሆናል፤ ለፖለቲካም ለጦርም አይውልም። ኪራዩ የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ነው። በእንግሊዝ በኩል የፈረመው ሌተናል ኮሎኔል ጆን ሃሪንግተን ነበር። በውሉ ላይ "ጋምቤላ" የሚል ስም የለም። ልብ በሉ፣ በዚያ ወንዝ ዳር የሚኖሩት አኙዋዎችም የሉበትም።

(ከዚህ በኋላ ያሉትን ዓመታትና ቀኖች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ውሉ በዚያ አቆጣጠር የ1902 ነው፤ የዚህች ከተማ ሰነድ በብዛት በዚያ ስለተያዘ ማምታታቱን ለመቀነስ።)

ውኃው

ባሮ የሚወለደው ከደጋው በሚወርዱት በብርብርና በገባ መጋጠሚያ ነው። ጎሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ጋምቤላ 526 ሜትር ላይ። በሁለቱ መካከል ያለው ቁልቁለት 1,500 ሜትር ያህል ነው ማለት ነው። ወንዙ ያን ሁሉ በድንጋይ መካከል እየተወረወረ ይወርድና ጋምቤላ ሲደርስ ድንገት ሜዳ ያገኛል። ከዚያ ወዲያ አይቸኩልም። በኢታንግና በጂካዎ በኩል ተዝናንቶ ያልፋል፣ ከፒቦር ጋር ሲገናኝ ስሙ ሶባት ይሆናል፣ በናስር አድርጎ ማላካል አጠገብ ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል። አኙዋዎች ባሮን ኦፔኖ ይሉታል።

በኢትዮጵያ ትልቅ መርከብ ሊሄድበት የሚችል ወንዝ ይህ ብቻ ነው። እሱም ዓመቱን ሙሉ አይደለም። በወደቡ ዘመን ከሰኔ ገደማ እስከ ጥቅምት ውኃው ሲሞላ መርከብ ከካርቱም ተነስቶ ጋምቤላ ድረስ ይገባ ነበር። መንገዱ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ወደ ላይ 11 ቀን፣ ወደ ታች 7 ቀን ይፈጅ ነበር። ውኃው ሲጎድል አሸዋው ይወጣል። መመለሻ ሰዓቱን ያልጠበቀ መርከብ አሸዋ ላይ ተቀምጦ የሚቀጥለውን ክረምት ይጠብቅ ነበር።

የከተማዋን ታሪክ ለመረዳት ይህን ያህል ካወቅን ይበቃል ብዬ አምናለሁ። ውሉ መሬት ሰጠ፤ ከተማዋ የት እንደምትቆም፣ መቼ እንደምትነቃ፣ ምን ያህል እንደምታድግ የወሰኑት ግን ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የአራት አምስት ወሩ ውኃና የበቅሎ እግር።

ከውሉ አራት ዓመት በፊት ይህ ሸለቆ ሁለት መንገደኞችን አይቷል። በ1898 የጎሬው ገዥ ደጃዝማች ተሰማ ናደው (በኋላ ራስ) ጦራቸውን ይዘው በዚሁ አቅጣጫ ወደ ነጭ ዓባይ ወረዱ። ጥቂቶቹ ሶባት ከነጭ ዓባይ እስከሚገናኝበት ደርሰው የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ተከሉ። ግን አልቆዩም፤ ደገኛውን ጦር ንዳድ ፈጀው። በዚያው ዓመት ነጭ ዓባይ ዳር ፋሾዳ ላይ ከእንግሊዝ ጋር ተፋጥጦ የነበረው የፈረንሳዩ መኮንን ማርሻን ከስፍራው እንዲለቅ ሲታዘዝ "ፌዴርብ" በምትባል ትንሽ የእንፋሎት መርከቡ ሶባትንና ባሮን ተከትሎ ወጣ። ውኃው እስከፈቀደለት ሄዶ መርከቢቱን ባሮ ላይ ጥሎ በእግሩ በጎሬ በኩል ወደ አዲስ አበባ ዘለቀ። አንደኛው ከላይ ወደ ታች፣ ሌላኛው ከታች ወደ ላይ፤ ሁለቱንም ያቆማቸው ያው ቦታ ነው። ደገኛው ከዚያ በታች ይታመማል፣ መርከብ ከዚያ በላይ አይወጣም። ወደብ የሚቆረቆረው እንግዲህ እዚህ መስመር ላይ ነው።

ኢታንግ ላይ ያልሆነው

እንግሊዞች ይህን ወዲያው አልጨበጡትም፤ ወይም ውሉ ላይ የተጻፈውን ስም አክብረው ይሆናል። በ1904 ጣቢያው ኢታንግ ላይ ተጀመረ። ኢታንግ ከጋምቤላ በታች 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ለመርከቡ ይቀርባል፤ ለቡናው ይርቃል። አገሩ ክረምት በመጣ ቁጥር ባሮ የሚተኛበት ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ችግሩን ለማየት ነጋዴ መሆን አያስፈልግም፦ መርከቡ የሚመጣው ውኃው ሲሞላ ነው፣ ውኃው ሲሞላ ደግሞ ሜዳው ይጠለቀለቃል፤ በቅሎ ጭና ልትደርስ የሚገባት በዚያው ሰሞን ነው። መርከቡና በቅሎዋ የሚገናኙበት ደረቅ መሬት ከሌለ ወደቡ በወረቀት ብቻ ወደብ ነው።

በ1907 ጣቢያው ወደ ላይ ተነስቶ ጋምቤላ ላይ ተተከለ፤ ጃጃቤ የምትባለው ትንሽ ወንዝ ከባሮ የምትገናኝበት ስፍራ። ዳሩ ከፍ ያለ ነው፣ የደጋው ግርጌ ቅርብ ነው፣ መርከቡም እስከዚያው ይደርሳል። ሦስት ዓመት የፈጀ ስሕተት ነበር። እኔ ግን ከዚህ ታሪክ ሁሉ አስተማሪው ክፍል ይሄ ይመስለኛል፤ አዲስ አበባ ላይ በካርታ የተመረጠው ቦታ ወድቆ የቆመው በቅሎና መርከብ የመረጡት ነውና።

አንድ ክረምት ምን ይመስል ነበር

እስቲ ከላይ እንጀምር። የኢሉባቦር ቡና ያኔ በአብዛኛው የጫካ ቡና ነው፤ ባለቤቱ ተክሎ ያሳደገው ሳይሆን ጫካው ያበቀለው። ሰው ይለቅመዋል፣ ከነገለፈቱ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፣ ጀንፈል ይሆናል። ጎሬ ገበያ ይወርዳል፣ ይፈለፈላል፣ በፈረሱላ ይመዘናል። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ከዚያ በአጋሰስ ተጭኖ ወደ ቡሬ ይሄዳል። ቡሬ ስል የጎጃሙን አይደለም፤ የኢሉባቦሩን፣ የደጋው ጫፍ ላይ ያለውን ነው። ከቡሬ ቁልቁል ነው፤ ዛፉ ይለወጣል፣ ሙቀቱ ይመጣል፣ የበቅሎዋ ጆሮ ዝንብ ለማባረር መወዛወዝ ይጀምራል።

ዝንቡ ቀልድ አልነበረም። ቆላው የገንዲ አገር ነው። ገንዲ የያዛት በቅሎ ትከሳለች፣ ፀጉሯ ይቆማል፣ ባለቤቷ እያየ ታልቃለች። ነጋዴው ስለዚህ ሁለት ሒሳብ ይሠራል፦ ቡናው ስንት ያወጣል፣ በቅሎዋስ ትመለሳለች ወይ? ቆላ ወርዶ ማደር ለሰውየውም ያው ነው፤ ንዳድ አለ። ስለዚህ ደገኛው ቅፍለት ጋምቤላ ደርሶ አራግፎ፣ የሚጭነውን ጭኖ፣ በቶሎ ሽቅብ ማለትን ይመርጣል። የከተማዋ አንዱ ጠባይ ከዚህ ይመጣል፤ ብዙ ሰው ይመጣባታል፣ ጥቂት ሰው ያድርባታል።

አሁን ወደ ታች እንሂድ። መርከቢቱ ጭስ እያስቀደመች ትመጣለች። በትልቅ ጎማ ውኃውን እየቀዘፈች፣ በአፍንጫዋና በጎኗ ተጎታች ጀልባዎች አስራ፣ የምታነደውን እንጨት በየመንገዱ እየሞላች ነው የምትመጣው። የምታራግፈው ጨው፣ አቡጀዲ፣ ሌላም የፋብሪካ ሸቀጥ ነው። የምትጭነው ቡና፣ ሰም፣ ቆዳ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደግሞ ጎማ ከጫካ። ጨው ላይ ትንሽ ልቁም። ከአፋር በረሃ የሚወጣው አሞሌ ምዕራብ ኢትዮጵያ እስኪደርስ በስንት እጅ፣ በስንት ኬላ አልፎ ነው። በውኃ የመጣው የሱዳን ጨው ግን በከረጢት ከመርከብ ወርዶ በጥቂት ቀን መንገድ ጎሬ ይገባል። ለወለጋና ለኢሉባቦር ሰው የጋምቤላ ወደብ መጀመሪያ የታወቀው ወጡ ውስጥ ነው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም።

መርከብ ለምን ይህን ያህል እንደሚያጓጓ ለማየት አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። አንዲት በቅሎ 5 ፈረሱላ ብትጭን 85 ኪሎ ነው። መቶ ቶን ቡና ለማጓጓዝ እንግዲህ ከ1,170 በላይ በቅሎ ያስፈልጋል፤ ነጂው፣ ስንቁ፣ ኬላው ሳይቆጠር። ይህ ሁሉ አንዴ ወንዝ ዳር ከደረሰ ጥቂት ተጎታች ጀልባዎች ይዘውት ይሄዳሉ። ከካርቱም በኋላ ደግሞ ባቡር አለ። ከአትባራ ወደ ቀይ ባሕር የሚወስደው ሐዲድ በ1906 ተከፍቷል፣ ፖርት ሱዳን በ1909 ሥራ ጀምሯል። ጋምቤላ በ1907 መቆርቆሯ የአጋጣሚ ነገር አይመስልም፤ የጎሬ ቡና ወደ ባሕር የሚወርድበት በር የተከፈተው ያኔ ነው።

የምኒልክስ ጥቅም ምን ነበር? ብዙ ሰው ውሉን ሲያነብ የሚያየው መሬት መስጠቱን ነው። ግን በ1902 የጂቡቲው ባቡር ገና ድሬዳዋ መድረሱ ነው፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ከጎሬ አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ያውም በክረምት ጭቃና በሞላ ወንዝ። በዚያ መንገድ የሚሄድ ቡና ዋጋው መንገድ ላይ ያልቃል። የምዕራቡ ቡና ወይ በወንዙ ይወጣል፣ ወይ ጫካ ውስጥ ይረግፋል። ከእንግሊዙ ጣቢያ አጠገብ የኢትዮጵያ ኬላ ነበር፤ ነጋድራሱ ቀረጡን ይቀበላል። መሬቱን ያከራየው መንግሥት ደጁ ላይ ተቀምጦ ይሰበስብ ነበር ማለት ነው።

ማን ኖረባት

በኪራዩ መሬት ውስጥ የሱዳን መንግሥት ሹም፣ እንግሊዛዊ፣ ከነፖሊሶቹና ከነጸሐፊዎቹ ይኖራል። ሱቁን የያዙት ግሪኮችና ሶርያውያን ናቸው፤ ከሱዳን የመጡ ጀላባዎችም (ትንንሽ ነጋዴዎች) አሉ። ግሪኮቹና ሶርያውያኑ ብዙዎቹ ሁለት ቤት ነበራቸው፦ አንዱ ጋምቤላ ለመርከቡ፣ ሌላው ጎሬ ወይም ሳዮ (ደምቢዶሎ) ለቡናው። ወቅቱ ሲያልፍ ወደ ደጋው ይወጣሉ። የአቢሲኒያ ባንክ በ1906 አዲስ አበባ ላይ ሥራ ከጀመረ በኋላ በጎሬና በደምቢዶሎ ቅርንጫፍ፣ በጋምቤላ ደግሞ ወኪል ከፈተ። ለአንዲት በዓመት ግማሹን ለምታንቀላፋ ከተማ የባንክ ወኪል! ማሪያ ትሬዛ ብር በሣጥን ማጓጓዝ ምን ያህል እንደሚከብድ ያየ ሰው ግን አይገርመውም።

ዕቃ ብቻ አልነበረም የሚያልፈው። በ1918 የኅዳር በሽታ አገሩን ከመታ በኋላ፣ በሶባት ወንዝ ላይ የሚሠራ ቶማስ ላምቢ የሚባል አሜሪካዊ ሚስዮናዊ ሐኪም በ1919 በዚሁ መንገድ ወደ ሳዮ ወጣ። የሳዮ ሆስፒታልና የምዕራብ ወለጋ ወንጌላውያን ታሪክ አንዱ መነሻ የባሮ መርከብ ነው። የተጻፈ የከተማ ታሪክ ስለ ጆንያ ብቻ ሲያወራ እንዲህ ያለው ያመልጠዋል።

አኙዋዎቹስ? አገሩ የእነሱ ነው። መንደሮቻቸው በኦፔኖ ዳርና ዳር ተደርድረው፣ አንዳንዱ በኳሮ (በመንደር አለቃ)፣ አንዳንዱ በኒያ (በመኳንንት ዘር) ይተዳደራል። የሚያርሱት የወንዙን ዳር ነው፤ ውኃው ሲሸሽ ጥሎት በሚሄደው እርጥብ አፈር ላይ በቆሎ ይዘራሉ። ለነጋዴው ወቅቱ የሚሞተው ውኃው ሲጎድል ነው፤ ለአኙዋው አዝመራው የሚጀምረው ያኔ ነው። አንድ ወንዝ፣ ሁለት የቀን መቁጠሪያ። ለጥሎሽ የሚሰጡት ዲሙይ የሚባለው ሰማያዊ ጨሌ ከብር በላይ የሚታይ ሀብት ነበር፤ ጠገራ ብር ይዞ ለመጣ ነጋዴ ይህ ሳይገባው ብዙ ቆይቷል።

ወደ ገበያው የገቡት ደግሞ በሌላ በር ነው፦ በዝሆን ጥርስና በጠመንጃ። ከደጋው በንግድ የመጣው ጠመንጃ የኒያዎቹን ኃይል ከፍ አደረገው። በ1912 አክዌይ ዋ ቻም የሚባለውን የአኙዋ መኳንንት ለመቅጣት ከሱዳን የተላከ የእንግሊዝ ጦር ኦዶንጋ ላይ ከባድ ጉዳት ደርሶበት ተመለሰ። ከዚያ ከአምስት ዓመት በፊት "ለጦር አይውልም" ተብሎ በተያዘው ጣቢያ የሚቀመጠው ሹም፣ ዙሪያው ያለው ሕዝብ ከእሱ ፖሊሶች ይልቅ በደንብ የታጠቀ እንደሆነ ያኔ ገባው። የጣቢያው አጥር ውስጥ የሱዳን ሕግ አለ፣ ኬላው ላይ የጎሬ ገዥ ሕግ አለ፣ ከዚያ ውጭ የኒያው። ሦስቱም በአንድ ጥሪ ርቀት ውስጥ።

ለምን ትንሽ ሆና ቀረች

በ1917 ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ ጋምቤላ ትሞታለች ብሎ መገመት ይቻል ነበር። አልሞተችም። ባቡሩ የመሐሉን አገር ንግድ ጠቀለለው፤ የጎሬና የሳዮ ቡና ግን ወንዙን አልተወም፤ 1920ዎቹ እንዲያውም የወደቡ ደህና ዓመታት ናቸው። ያላደገችው በባቡር አይደለም።

አንደኛው ምክንያት መጋዘን ነው። ቡናው የሚለቀመው መጸው ላይ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ። መርከቡ የሚመጣው ሰኔ ነው። በመካከሉ ያሉትን ስድስት ሰባት ወራት ቡናው የሆነ ቦታ መቀመጥ አለበት፣ ገንዘቡም አብሮት ይታሰራል። ገንዘብ አስሮ መቆየት የሚችለው ትልቁ ነጋዴ ነው። አንዲት በቅሎ ያለው ሲራራ ነጋዴ ጎሬ ላይ ለግሪኩ ወይም ለሶርያዊው ሸጦ ይመለሳል። ስለዚህ ትርፉ ጎሬ ላይ ይቆረጣል፣ ሀብቱ ጎሬ ላይ ይቀመጣል፣ ቤቱ ጎሬ ላይ ይሠራል። ጋምቤላ የምታገኘው የማራገፊያና የመጫኛ ሥራ ነው። ወደቧ እሷ ናት፣ ከተማው ሌላ ቦታ ነው።

ሁለተኛው መንገዱ ነው። የጎሬ–ጋምቤላ የመኪና መንገድ ሐሳብ ደጋግሞ ተነስቷል። ግን የቡሬ ቁልቁለት በክረምት ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል። መርከቡ የሚመጣበት ወር መኪናውን ጭቃ የሚውጥበት ወር ነው። ኢታንግን የገደለው የወቅት ግጭት ጋምቤላንም ከላይ በኩል ያዛት።

ሦስተኛው የዓለም ገበያ ነው፤ ከ1929 በኋላ የቡና ዋጋ ሲወድቅ አንድ ዕቃ ላይ የቆመች ወደብ ምን እንደምትሆን መገመት ነው። ከዚያ የጣልያን ወረራ መጣ።

አዲስ አበባ በ1936 ስትያዝ ጎሬ ለጥቂት ወራት የቀረው መንግሥት መቀመጫ ሆነች፤ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹና ራስ እምሩ እዚያ ነበሩ። በኅዳር ጣልያን ጎሬ ገባ። ወደ ሱዳን የሚሸሽ ሰው በጋምቤላ በኩል አለፈ። ያቺ 2,000 ሜትር የወንዝ ዳር ግን ዙሪያዋ ሁሉ ጣልያን ሆኖ ሳለ በሱዳን መንግሥት እጅ ቆየች፤ ውሉ ውል ነው በሚል፣ እስከ 1940። በ1940 ጣልያን እንግሊዝ ላይ ጦርነት ሲያውጅ ያዛት፤ በመጋቢት 1941 ተመልሳ ተወሰደች። ከዚያ ከቤልጅግ ኮንጎ የመጣው ጦር በጋምቤላ በኩል ወደ ሳዮ ሽቅብ ወጣ። ሐምሌ 3 ቀን 1941 የጣልያኑ ጄኔራል ጋዜራ ሳዮ ላይ እጁን ሰጠ። ለጦር አይውልም የተባለው ዳርቻ በመጨረሻ የጦር መንገድ ሆነ።

ከጦርነቱ በኋላ መርከቡም ቡናውም ተመለሱ። ያቺ በአራተኛው አንቀጽ ላይ የተቀመጠች "እስካለች ድረስ" የምትል ሐረግ ግን አልተረሳችም። ሱዳን ጥር 1 ቀን 1956 ነፃ ወጣች፤ የእንግሊዝና የግብፅ አስተዳደር የሚባለው ነገር አበቃ። በዚያው ዓመት ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ፤ ምኒልክና ሃሪንግተን ከፈረሙ ከ54 ዓመት በኋላ፣ ያለ ጥይት፣ በውሉ በራሱ ቃል።